ጋሽ ጠጠርና አገር ያስነሣው ፍራሽ

ኧረ ቆይ፣ ሳቄን ልጨርስ! ይኸው የዜና ሕይወቱ ወረቀት እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ከሐዘን እንዳይመስላችሁ፤ ሐዘኑ አለ፣ እሱ ቤት ይጠብቀኛል። አሁን ያሳቀችኝ ከኋላ የተቀመጠችው የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ናት፤ አፏን በእጇ ሸፍና «የፍራሹንም ነገር ልታነቢው ነው እንዴ?» አለችኝ። አዎ አነበዋለሁ! ሳልዘል፣ ሳልቀንስ፣ አንቺንም ሳላስቀር አነበዋለሁ። ከወንድማችን ታሪክ ሁሉ የሚጥመው እሱ ስለሆነ እስኪደርስ ታገሡኝ፤ ሰው መጀመሪያ መወለድ አለበት።

ሁላችንም ጋሽ ጠጠር እያልን የምንጠራቸው ወንድማችን፣ ከመንገድ ሠራተኛው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን፣ ከእህል ወፍጮው ጀርባ ባለችው ባለ አንድ መስኮት ቤት ውስጥ ተወለዱ። ለወላጆቻችን እሳቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ እኔ የመጨረሻዋ ነኝ፤ ለልጆቻቸው ደግሞ አክስት። ዕድሜዬን ሙሉ አንተ ስላቸው የኖርኩትን ሰው ዛሬ እሳቸው እያልኩ ማንበቤ ለአፌ ከብዶታል፤ ቢሰሙኝ ኖሮ ዞር ዞር ብለው «ስለ ማን ነው የምታወሪው?» ይሉኝ ነበር። ነገር ግን የሰው ዜና ሕይወት በክብር ይነበባል ተብያለሁና በክብር አነባለሁ።

ትምህርታቸውን በተመለከተ፣ ዕድሜያቸው ሲደርስ በሰፈራችን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ተከታትለዋል ስል ትምህርቱ ከፊት እሳቸው ከኋላ ሆነው ነው፤ አልደረሱበትም። በቤታችን ሌላም የደረሰበት የለም። አባታችን ግን በመንገድ ሥራው ቀን ቀን ይዘዋቸው እየወጡ አካፋ መያዝን፣ አስፋልት የቱ ጋ እንደሚሰነጠቅና ውሃ በየት በኩል እንደሚገባበት አሳይተዋቸው ስለነበር፣ እንጀራቸውን ያገኙት ከዚያኛው ትምህርት ነው።

ከከተማችን ጀርባ ያለው ሰፊ ሜዳ ያን ጊዜ የከብት መዋያና የኳስ ሜዳ ነበር። ወንድማችን ገና ጢማቸው ሲያጎጠጉጥ ግን፣ ከሩቅ የመጣ የአንድ ትልቅ አገር ጦር ከመንግሥታችን ጋር ተዋውሎ በዚያ ሜዳ ላይ የአየር ኃይል ሰፈር ሠራ፤ እኛ በአጭሩ ካምፑ አልነው። የከተማው አስተዳዳሪ ሕዝቡን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰብስቦ፣ ካምፑ የሚቆመው ለቀጠናው ጸጥታ ሲባል እንደሆነ፣ በባሕሩ የሚያልፉትን የንግድ መርከቦች ከዘራፊ እንደሚጠብቅ፣ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ያለነው ሁለት አገሮችም እንደ ቀድሞው እንዳንዋጋ ከላይ ሆኖ ዓይን እንደሚሆን አስረዳ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ልጄ፣ ጸጥታ ነው ያልከው?» ብለው ሲጠይቁ የመጀመሪያው አውሮፕላን ጣራውን ነክቶ የሚያልፍ እስኪመስል ድረስ አጓርቶ አለፈና፣ አስተዳዳሪው የመለሰውን እስከ ዛሬ የሰማ የለም።

ወንድማችን በዚህ ካምፕ በማኮብኮቢያ ጠራጊነት ተቀጠሩ፤ ካምፑ እስኪዘጋ ድረስም ከዚያ ሥራ አልወጡም። ሥራው እንዲህ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሠራተኞቹ ትከሻ ለትከሻ ተደርድረው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ አውሮፕላኖቹ የሚነሡበትንና የሚያርፉበትን አስፋልት ከዳር እስከ ዳር እየሄዱ ጠጠር፣ ብሎን፣ የሽቦ ቁራጭ፣ ላባ ሳይቀር ይለቅማሉ። ከዚያ በኋላ ከሆዱ ሥር ትልቅ ብሩሽ፣ ከኋላው ማግኔት የተገጠመለት መኪና እየነዱ ይጠርጋሉ። አንዲት ጠጠር በሞተሩ ከተሳበች ሞተሩን ከውስጥ ትበላዋለች፣ አብራሪውንም ይዛ ልትወድቅ ትችላለች፤ ስለዚህ ያ ሁሉ ሚሳይል፣ ያ ሁሉ ራዳር፣ ያ ሁሉ መነጽር ያደረገ መኮንን፣ እነ ወንድማችን «ንጹሕ ነው» ብለው እጃቸውን ሳያነሡ ከመሬት አይለቅም ነበር። አለቃቸው ቅንድቡ እንደ ጣራ ክፈፍ ወደ ፊት የወጣ የውጭ አገር ሰው ስለነበር ቅንድቦ ብለውት፣ እሱም ስሙ መስሎት በኩራት ይጠራበት ነበር።

ይህ ሥራ አንገታቸው ላይ ቀረ። መንገድ ላይ ጠጠር አይተው ማለፍ አይሆንላቸውም። በሰው ሠርግ ሙሽሮቹ ሲገቡ ሁሉ ሰው ሲያጨበጭብ እሳቸው ጎንበስ ብለው ከሙሽራዋ ቀሚስ ሥር ድንጋይ ሲያወጡ የታዩ ዕለት ጋሽ ጠጠር ተባሉ፣ በዚያው ቀረ። ሱሪያቸውን የሚያጥብ ሰው መጀመሪያ ኪሱን ገልብጦ ካላራገፈ ጉድ ይፈላል፤ እኔ በበኩሌ አንድ ደህና የፕላስቲክ ማጠቢያ በዚህ ምክንያት ተሰንጥቆብኛል።

ስለ ካምፑ እንነጋገር ከተባለ፣ ከተማው ለሁለት ተከፍሎ ነው የኖረው። ከብት አርቢዎቹ ሜዳችን ሄደ ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። ተከራዮች የቤት ኪራይ ጣራ ነካ ይላሉ፣ እሱም እውነት ነው። ሕፃናት አውሮፕላን በጮኸ ቁጥር ከእንቅልፋቸው ይነቃሉ፣ ዶሮዎች እንቁላል ይከለክላሉ ተብሎ ነበር፤ የዶሮውን አላውቅም። በሌላ በኩል ደግሞ፣ ካምፑ ከመጣ ወዲህ መድፍ ሳንሰማ መክረማችንን፣ በባሕሩም የሚያልፉ መርከቦች ሳይዘረፉ መድረሳቸውን፣ ሱቆቻችን ዕቃ ማጣት ማቆማቸውን የካደ ሰው አልነበረም። ሆዳቸው ትልልቅ የሆኑት አውሮፕላኖች ነዳጅ ይሸከማሉ፣ አፍንጫቸው የሾለው ይዋጋሉ ይባላል፣ መስኮት የሌላቸው ደግሞ ሲዞሩ ውለው የወንዙንም የባሕሩንም ወሬ ይዘው ይመለሳሉ። ወንድማችን ሲጠየቁ፣ «ሾለው የቆሙት አንድ ቀን ሲዋጉ አላየሁም፤ ሥራቸው እዚያ መታየት ነው» ይሉ ነበር። ከዚህ የበለጠ አስተያየት አልሰጡም፤ ምክንያቱም ከካምፑ የሚፈልጉት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከትዳራቸው ጋር የተያያዘ ነው።

ከተማችንን ከወንዙ ማዶ ካለው አገር የሚያገናኘው አንድ የብረት ድልድይ ነው። እኛ ልጆች ሳለን ሁለቱ አገሮች ተዋግተው ድልድዩ ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ ነበርና፣ እናታቸው እዚያ፣ ልጆቻቸው እዚህ የቀሩ ሰዎች ወንዙ ዳር ቆመው እጃቸውን ሲያወዛውዙ አይተናል። ካምፑ ሲመጣ ድልድዩ ተከፈተ። የማዶው ፍራሽ አዳሽም ልጃቸውን አስከትለው የፍራሽ ጨርቅ ሊገዙ ወደ እኛ ገበያ መሻገር ጀመሩ። አንድ ቀን ልጅቷ ጥቅል ጨርቅ ተሸክማ ስትሄድ ወንድማችን ድንገት እግሯ ሥር ጎንበስ አሉ።

«ምን ፈልገህ ነው እግሬ ሥር?» አለቻቸው።

«ጠጠር።»

«አገኘህ?»

«አዎ፣ ይኸው።»

«እንግዲያ ዞር በል፣ እኔ መንገድ ነው የምፈልገው።»

ወንድማችን ዞር አሉ፣ ግን ሩቅ አልሄዱም። በየገበያው ቀን ያች መንገድ አንዲት ጠጠር ሳትቀርባት ስትጠረግ ሰው ሁሉ ነገሩን አወቀው።

ሽማግሌ በተላከ ጊዜ የልጅቷ አባት እንዲህ ብለው ነበር የተቀበሉት፤ «ልጄን እሰጥሃለሁ። ነገር ግን እዚያ ወስደህ ስታበቃ ድልድዩ ተዘጋ ብለህ እንዳታስቀርብኝ። ወገኖቿን ማየት ስትፈልግ ትሻገራለች። በዚህ ቃል ትገባለህ ወይስ አትገባም?» ወንድማችን ሳያስቡት «እገባለሁ» አሉ። ድልድይ የሚዘጋውና የሚከፍተው ጦር ሠራዊት መሆኑን፣ እሳቸው ግን ጠራጊ መሆናቸውን ከሽማግሌዎቹ መካከል ያስታወሳቸው አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ሰው ስለ ፖለቲካ ሲከራከር፣ ስለ ካምፑ ሲጣላ፣ ሬድዮ ሲያወራ፣ እሳቸው የሚጠይቁት ይህንኑ ነበር፤ «ድልድዩ ክፍት ነው?» ክፍት ነው ከተባሉ ወሬው አለቀ፤ ይተኛሉ።

በዚህ ሁኔታ ዛሬ እትዬ ማዶ ከምንላቸው ባለቤታቸው ጋር ተጋቡ። የሙሽራዋ አባት ለሠርጉ በእጃቸው የሠሩትን የጥጥ ፍራሽ ሰጧቸው፤ ከውፍረቱ የተነሣ በበር አልገባ ብሎ በመስኮት ነው የገባው።

እሺ፣ ደረስን! አሁን ማንም ወደ ውጭ እንዳይወጣ።

በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት፣ እትዬ ማዶ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘው ሆዳቸው ገፍቶ ሳለ፣ ሁለቱ አገሮች እንደገና ተኳረፉ። ምክንያቱን በትክክል የሚነግረን ዛሬም አላገኘንም። ወዲህም ማዶም በወንዙ ዳር መድፍ ተደረደረ፣ ሬድዮው በሁለቱም በኩል ይሳደባል፣ የካምፑ አውሮፕላኖችም ዕረፍት አጡ። ከተማው ልቡ ተሰቀለ። እኛ ደግሞ በዚህ ጊዜ የምናምነው ሬድዮ ሳይሆን የካምፑን ሠራተኞች ነበር። የካምፑ ወጥ ቤት ብዙ ሽንኩርት ከገዛ ሊቆዩ ነው እንላለን፤ የካምፑ አትክልተኛ አበባ ካልተከለ ሊሄዱ ነው እንላለን። ወንድማችን ደግሞ ከአውሮፕላኖቹ አጠገብ ስለሚውሉ ከሁሉም በላይ ይጠበቁ ነበር፤ ጠዋት ፊታቸውን ሳይታጠቡ ከወጡ ሰው ዱቄት ገዝቶ ያስቀምጣል።

እሳቸው ግን በዚያ ሰሞን የሚያሳስባቸው የፍራሹ ነገር ነበር። ጥጡ ተጓጉሎ ወደ አንድ ወገን ስለሄደ እትዬ ማዶ ወገባቸውን ይዘው ነው የሚነሡት። አባታቸውም «አምጡት፣ ነድፌ አድሰዋለሁ» ብለው ልከዋል። ወንድማችን፣ ነገ ድልድዩ ቢዘጋ ፍራሹም የሚስቴ ወገብም እንዲሁ ሊቀሩ ነው ብለው አሰቡና፣ የዕረፍት ቀናቸውን ጠብቀው ጠዋት አንድ ፒካፕ ተከራዩ። ፍራሹን ከኋላ ጫኑ። መንገዱ ስለሚያንገላታ እትዬ ማዶን ከፍራሹ ላይ አስቀመጧቸው። ለአማታቸው ብለው አንድ ድስት፣ አንድ ሻንጣና ሁለት ትራስ ጨመሩ። ከዚያ በዋናው መንገድ ወደ ድልድዩ ጉዞ ሆነ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የዳቦ ቤታችን ባለቤት የምትገባው። አታቀርቅሪ! ከሱቋ ወጥታ «ጋሽ ጠጠር! ወዴት ነው?» ብላ ጮኸች። ወንድማችን በሞተር ጩኸት ጆሯቸው መድከም ጀምሮ ስለነበር አልሰሟትም፤ ቆማ ሲያዩዋት እንደ ሰላምታ እጃቸውን አውለብልበው አለፉ። ይኼው ነው የተደረገው። እሷ ግን የካምፑ ሰው ነፍሰ ጡር ሚስቱን፣ ፍራሹንና ድስቱን ጭኖ፣ አፉን ሳይከፍት፣ በእጁ ተሰናብቷት ሲሄድ ነው ያየችው። የሚሄደው ደግሞ ወደ ማዶ ነው! ስለዚህ የሚመታው የእኛው ወገን ነው፣ ካምፑም ያውቃል፣ ማዶ ነው የሚያዋጣው ማለት ነው። ሊጥ በያዘ እጇ ጎረቤቷን ጠራች፤ ጎረቤቷ ፀጉር አስተካካዩን፣ ፀጉር አስተካካዩ በግማሽ የተላጨውን ደንበኛውን ይዞ ወጣ። ፒካፑ በእርጋታ ከተማውን ሳይጨርስ ከኋላው ፍራሽ የተሸከመ፣ ቴሌቪዥን ያቀፈ፣ ጋሪ የሚገፋ፣ ዶሮ በካልሲ ውስጥ የያዘ ሕዝብ ተከትሎ መንገዱን ሞላው። እኔም ነበርኩበት! የእናታችንን የልብስ ስፌት መኪና በጀርባዬ አዝዬ ነበር። የገዛ ወንድሜ ወዴት እንደሚሄድ እኔ ሳልጠይቅ፣ «ይህን ያህል ሰው ይሳሳታል እንዴ?» ብዬ ነው የተከተልኩት።

ወንድማችን በመስታወት ወደ ኋላ ሲያዩ ሕዝቡን አዩ። ለሾፌሩ «ዛሬ ምንድን ነው፣ ገበያ ነው?» አሉት። ሾፌሩም ደንግጦ «እርስዎ ይወቁ እንጂ፣ የካምፑ ሰው እርስዎ!» አላቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው እዚያ የነበሩት ሁሉ ተጠይቀው የተገጣጠመ ነውና ልብ በሉ። ካምፑ ከላይ ሆኖ ሲያይ አንድ ሙሉ ከተማ ተነቅሎ ወደ ድልድዩ ይሄዳል። ምን እንደተፈጠረ አላወቁም፤ ጥቃት ሊጀመር ነው ብለው ሾለው ከቆሙት አውሮፕላኖች ሁለቱን አስነሡ። እነሱም በጭንቅላታችን ላይ እየተጠማዘዙ ሲያልፉ የእኛም መድፈኞች የማዶም መድፈኞች አንድ ላይ ቀና አሉ፤ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ደግሞ አይተኩስም። የካምፑ አዛዥ ለሁለቱም ወገን ስልክ ደውሎ «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ሲል፣ የእኛው ኮሎኔል «እነሱ ናቸው» አለ፣ የማዶው ኮሎኔል «እነሱ ናቸው» አለ። ቢተኩሱ ደግሞ ድልድዩ ላይ ያለው የሁለቱም ወገን አማችና ዘመድ ነው። ስለዚህ ኮሎኔሎቹ በየጂፓቸው ወደ ድልድዩ መጡ።

ፒካፑ ድልድዩ መሃል ላይ ቆሟል። ከፊት የማዶው ጠባቂዎች፣ ከኋላ አገር ምድሩ። ከጠባቂዎቹ መካከል ጠመንጃውን ደግኖ የሚመጣው ሃምሳ አለቃ የእትዬ ማዶ ታላቅ ወንድም ሆኖ ተገኘ። አሁንም እዚህ መካከላችን ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው።

«እታለም! ምን ሆናችሁ ነው?» አሏት ጠመንጃቸውን አውርደው።

«ምን እንሆናለን ወንድም ጋሼ፣ ፍራሽ ልናሳድስ ነው እንጂ።»

«ይሄ ሁሉ ሕዝብስ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ዝም ብለው ተከተሉን!»

ሁለቱ ኮሎኔሎች ደርሰው በፒካፑ ግራና ቀኝ ቆሙ። እየተያዩ ላለመነጋገር ሁለቱም ጥያቄያቸውን ለእትዬ ማዶ ነው የሚያቀርቡት፤ ነፍሰ ጡሯ ከፍራሹ ላይ ሆና እንደ ዳኛ ከላይ ትመለከታቸዋለች። በመጨረሻ ትዕግሥቷ አለቀና፣ «እናንተ ተጣላችሁ፣ እኔ ወገቤ ተቆረጠ! መተኮስ ከሆነ የፈለጋችሁት ፍራሼ ከታደሰ በኋላ ተኩሱ!» አለች። የእኛው ኮሎኔል መጀመሪያ ሳል የመሰለ ነገር አወጣ። የማዶው ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ፣ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ሁለቱም ፍርስ አሉ። ብዙ ወር ሳይነጋገሩ የከረሙ ሰዎች ስቀው ስላበቁ ሌላ ማድረግ አልቻሉምና፣ ሕዝቡ በሰላም ወደየቤቱ እንዲመለስ ሁለቱም መድፋቸውን ለጊዜው ከወንዙ ዳር እንዲያርቁ ተስማሙ። ለጊዜው የተባለው መድፍ ተመልሶ አልመጣም።

ፍራሹ ግን እንዲሁ አልተለቀቀም። የእኛ ወታደሮች ፈተሹት፣ የማዶዎቹ ፈተሹት፣ ከካምፑም በሄሊኮፕተር የመጡት ውሻ አምጥተው ፈተሹት፤ ሦስት ጦር ቀዶ ቀዶ ያገኘው ጥጥ ብቻ ነው። ውሻው አስነጥሶት ሄደ። ወደ አማታቸው ሲደርስ አማታቸው አየት አድርገው፣ «የሥራዬን ግማሽ ጨርሰውልኛል» አሉ።

ማታ ሬድዮ ስንከፍት፣ «ካምፑ ባደረገው ንቁ ክትትል በቀጠናው ሊቀሰቀስ የነበረ ግጭት ተወገደ» አለ። እኛ ሳቅን። ወንድማችን ግን አልሳቁም፤ «አውሮፕላኖቹ ባይነሡ ማን ቀና ይል ነበር? እኔም ባልጠርግ አውሮፕላኖቹ እንዴት ይነሡ ነበር?» ብለው እጃቸውን ታጥበው እራታቸውን በሉ። ስለ ቀጠናው ጸጥታ የተናገሩት ይህን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የጠየቁት ያንኑ ነበር። ድልድዩ ክፍት ነበር።

ልጅ ድልድዩ ላይ ተወለደ ብላችሁ ከጠበቃችሁ አልተወለደም፤ የመጀመሪያዋ ልጃቸው ጊዜዋን ጠብቃ እንደማንኛውም ሰው በጤና ጣቢያ ተወለደች። ከእሷ በኋላ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተወልደው፣ ወንድማችን ሦስቱንም በጠራጊነት ደመወዛቸው አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። በየዓመቱ ልጆቻቸውን ይዘው ማዶ ይሻገሩ ነበር። አማታቸው በታመሙ ጊዜም እትዬ ማዶ በጊዜ ተሻግረው፣ አባታቸው በልጃቸው እጅ ላይ ሆነው አርፈዋል። ወንድማችን ቃላቸውን እስከዚያ ድረስ ጠበቁ።

በመጨረሻ የካምፑ ውል አለቀ። ውሉ ለምን እንዳልታደሰ አንዱ በኪራዩ ነው ይላል፣ አንዱ ከሌላ አገር የተሻለ ሜዳ አግኝተው ነው ይላል። አውሮፕላኖቹ አንድ በአንድ ሄዱ። ቅንድቦ በሄደበት ቀን የወንድማችንን እጅ ጨብጦ መልቀቅ አቅቶት ቆመ፤ ሁለቱም የተባባሉትን አልሰሙም፣ ሁለቱም ጆሯቸው አልቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ማኮብኮቢያው የመኪና መንዳት መለማመጃ ሆነ። ወንድማችን ጡረታ ወጥተውም ጠዋት ጠዋት እየሄዱ ከላዩ ላይ ድንጋይ ይለቅሙ ነበር፤ ለማጅ ሾፌሮች «ጋሽ ጠጠር፣ ማን ሊያርፍ ነው?» ብለው ሲቀልዱባቸው፣ «አንተ እንዳትገለበጥ ነው» ይሉ ነበር።

ከተማው «አሁንስ ማን ይጠብቀናል?» ብሎ ሲጨነቅ እኔም ጠየቅኋቸው። «እኔ እንጃ እህቴ፣ እናያለን» አሉኝ። አየን። ሰማዩ ዝም ባለ በሁለተኛው ዓመት ሁለቱ አገሮች እንደገና ተኳረፉና ድልድዩ ተዘጋ። ጥይት አልተተኮሰም፣ እሱ እውነት ነው፤ ካምፑ ከሌለ እንተላለቃለን ያሉት ተሳስተዋል። ካምፑ ቢሄድ ምንም አይቀየርም ያሉትም ተሳስተዋል፤ እትዬ ማዶ አንድ የቀሩላቸውን ወንድማቸውን ሃምሳ አለቃውን ለማየት ወንዙ ዳር ቆመው እጃቸውን ማወዛወዝ ጀመሩ። ወንድማችን አጠገባቸው ቆመው አብረው ያወዛውዛሉ። በዚያ ጊዜ ነው ያረጁት። ሲመለሱ መንገድ ላይ ጠጠር አይተው ሳያነሡ ያለፉበትን ቀን አይቻለሁ፤ ያን ቀን እኔ ነኝ ያነሣሁት።

ከዚያ ሳንባቸው ታመመ። ሐኪሙ የብዙ ዘመን አቧራና የሞተር ጭስ ነው፣ የሚመለስ አይደለም ብሎ በግልጽ ነገረን። አልጋቸውን ከመስኮቱ ሥር አደረግንላቸው። ሬድዮውን ከጆሯቸው ጋር አጣብቀው ይውላሉ፤ ግን ስለማይሰማቸው እኛን ይጠይቁናል፤ «ድልድዩስ?» እኛም በየተራ «እየተነጋገሩ ነው!» ብለን እንጮሃለን። በዚህ መካከል ሁለቱ አገሮች ያለ ውጭ አገር ሰው፣ ያለ አውሮፕላን፣ ራሳቸው ተቀምጠው ሲነጋገሩ ሰነበቱ። ወንድማችን የሚጠብቁት ጤና አልነበረም፤ ይህን ያውቁ ነበር። ከአማታቸው ጋር ያሰሩትን ቃል ሳይጨርሱ መሄድ ነበር የፈሩት።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ድልድዩ ለእግረኛ ተከፈተ። እትዬ ማዶ ሰምተው ሮጠው ገብተው ጆሯቸው ላይ «ተከፈተ!» ብለው ሲጮኹ መንገዱ ሙሉ ሰማ። ወንድማችን ተቀመጡ፣ ዓይናቸው በራ፣ ባለቤታቸውንም አሁኑኑ ተነሥተሽ ሂጂ አሏቸው። እትዬ ማዶ እንቢ ብለው ነበር፤ በኋላ ግን እሺ አሉ። እኔ ከአልጋው አጠገብ ቀረሁ። ሃምሳ አለቃው ከማዶ መጥተው ድልድዩ መሃል ላይ ተገናኙ፣ እህትና ወንድም ተቃቅፈው ብዙ ሰዓት ቆሙ ይላል ያያቸው ሰው። ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደዚህ መጡ። ሲደርሱ ወንድማችን አርፈዋል። ሳይጨነቁ፣ እጃቸው እጄ ውስጥ እንዳለ፣ ቀለል ብለው ነው የሄዱት። እትዬ ማዶ፣ ባልሄድ ኖሮ እያልሽ ራስሽን እንዳትበይ፤ አንቺ ስትሻገሪ ነው እሳቸው ሥራቸውን የጨረሱት።

ወንድማችን ባለቤታቸውን እትዬ ማዶን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔንና ሌሎች እህቶቻቸውን፣ ትናንት አስከሬናቸውን በድልድዩ በኩል ከመጡ ሰዎቻቸው ጋር የተሸከሙትን ሃምሳ አለቃ አማቻቸውን፣ የጥንት የሥራ ጓደኞቻቸውንና ይህን ሁሉ ለቀስተኛ ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን እንቅፋት በሌለበት መንገድ ይቀበልልን፣ ከወላጆቻችን ጎን ያሳርፍልን፤ ለእኛም ለወዲህኛውም ለማዶውም ዕድሜና ልቦና ይስጠን።

የቀረኝ አንድ መስመር ነው። ያን ሰኞ ጠዋት እትዬ ማዶ ጫማቸውን አጥልቀው፣ በሩን ይዘው፣ «ትቼህ እንዴት እሄዳለሁ?» እያሉ ሲያለቅሱ፣ ወንድማችን ከአልጋቸው ሆነው የተናገሩት የመጨረሻ ቃል ይህ ነበር፦

«አንቺ፣ ወንድምሽን ምን ታስጠብቂዋለሽ? ሂጂ ተሻገሪ። እኔ እንደሆነ የትም አልሄድም።»